የስምንት ዓመት ዋስትና

ካሣዬ በአሶሳ ስሙ የተጠራ መካኒክ ነው። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አምባ አሥራ አራት በሚባለው የሰፈራ መንደር አደገ፤ ሙያውንም የተማረው ለሰፋሪው እርሻ መጥተው ሜዳ ላይ ወድቀው የቀሩትን ትራክተሮች እየፈታ እየገጠመ ነው። ከዚያ ወዲህ ከባምባሲ እስከ ቶንጎ ያለ ሹፌር መኪናው ሲታመምበት መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ሆነ። «ካሣዬ ጋ ያልዳነ መኪና ይቀበር» ይባል ነበር። እሱም ይህን ሲሰማ እንዳልሰማ ሰው አንገቱን ደፍቶ ብሎኑን ያጠብቃል እንጂ፣ ልቡ ውስጥ እንደ ማር ይጣፍጠው ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ቢሊሴ የምትባል የባምባሲ ነጋዴ መኪና ልትገዛ አሰበች። ባሏ ጂራታ አስተማሪ ነው፤ እሷ ማንጎና አቮካዶ ወደ አሶሳ እያመላለሰች ስትሸጥ ኖራለች። በሰው መኪና ላይ የጭነት ቦታ መለመኑ ሲሰለቻት ሚኒባስ ገዝታ ራሷ እየነዳች ሰውም ዕቃም ልትጭን ቆረጠች። ካሣዬን አማከረችው። ሳይውል ሳያድር አንድ ያገለገለ አባዱላ አገኘላት፤ ሞተሩን በእጁ ሁለት ጊዜ አውርዶ የሠራው፣ ጠባዩን አብጠርጥሮ የሚያውቀው መኪና ነው። ቢሊሴም ዞር ዞር ብላ አየችውና አመስግናው ሄደች።

በወሩ ከአዲስ አበባ አዲስ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ይዛ ከች አለች። ነጭ ነው፤ ሲመጣ ድምፁ አይሰማም። የካሣዬ ጋራዥ ፊት ለፊት የሐመድ ሱቅ አለ። ሐመድ የቤርታ ሰው ነው፤ ሳሙናም ስኳርም የመኪና ጎማም ይሸጣል፤ ከሱቁ በረንዳ ላይ ሻይ የሚጠጣ ሰው አይጠፋም። ቢሊሴ እዚያ አቁማ መኪናውን ስታሳይ ሰው ከበባት። ከዳሽቦርዱ ሥር አንድ ደብተር አወጣች። ባትሪውና ሞተሩ የስምንት ዓመት ዋስትና አላቸው፣ ከተበላሸ ኩባንያው በነፃ ይጠግናል፣ ወይም ይቀይራል ብላ አነበበችላቸው። አንዱ ዘይቱስ፣ ፊልትሮውስ ብሎ ሲጠይቃት፣ «ዘይት የለ፣ ፊልትሮ የለ። እንግዲህ ስምንት ዓመት ከመካኒክ ተገላገልኩ!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ካሣዬን ከሰው መሀል አየችውና አፏን በእጇ ሸፈነች።

ካሣዬ አብሮ ሳቀ። ክፉ አስባ እንዳልተናገረችው ያውቃል። ቃሉ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ። «ዋስትና ወረቀት ነው፤ ወረቀት መኪና አይጎትትም» አላት ቀስ ብሎ። በረንዳው ሳቀ፤ አባባሉም ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው ሲዞር ከረመ።

ቢሊሴ ግን መኪናውን ይዛ አንድ ዓመት ከአሥር ወር ያለ አንዳች እንከን ሠራችበት። ደብተሩ የሚለውን ሁሉ አንድም ሳታጓድል ትፈጽም ነበር። በየዓመቱ ለምርመራ አዲስ አበባ ይቅረብ ይላል፤ እሷም መንዲ፣ ነቀምቴ፣ በየዘመድ ቤት እያደረች፣ ባትሪውን እየሞላች፣ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚያልፈውን መንገድ ሄዳ አስመረመረች። የተሰጣትን ማኅተም ያለበት ወረቀት ደብተሩ ውስጥ አስቀመጠች። ማክሰኞ ማክሰኞ ከባምባሲ ነፍሰ ጡሮችን ለምርመራ ወደ አሶሳ ታመጣለች፤ የቀሩትን ቀናት ለራሷ ትሠራለች። ካሣዬ ያ ነጭ መኪና ድምፅ ሳያሰማ በጋራዡ ፊት ሲያልፍ ቀና ብሎ ላለማየት ይሞክራል። አንዳንዴ ያያል።

በሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ መኪናው ከባምባሲ ተነሥቶ ግማሽ መንገድ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራበትና ቀጥ አለ። ቢሊሴ ተሳፋሪዎቹን በባጃጅና በመንገደኛ መኪና ሸኝታ፣ ለኩባንያው ደወለች። ማንም እንዳይነካው አሏት። ከኋለኛው ወንበር ሥር የባትሪው ክፍል ክዳን አለ፤ ክዳኑ ላይ ኩባንያው የለጠፈው ቢጫ እሽግ አለ፤ ያ እሽግ ከተቆረጠ ዋስትናው አበቃ ማለት ነው አሏት። አዲስ አበባ ድረስ ማምጣቱም የእሷ ፋንታ ነው፤ ዋስትናው ጥገናውን እንጂ ማጓጓዣውን አይሸፍንም።

በአይሱዙ አስጎትታ አሶሳ ደረሰች። የምታቆምበት አጥር ግቢ አልነበራትም። የካሣዬን በር አንኳኳች።

«ኦቦ ካሣዬ» አለችው፤ ሁልጊዜም በኦሮምኛው የአክብሮት ጥሪ ነው የምትጠራው። «በዝናቡ የተዘጋው የአዲስ አበባ መንገድ እስኪከፈትና የሚጭን መኪና እስካገኝ እዚህ ይቁምልኝ። እሽጉ እንዳይነካ ብለዋል። አደራ።»

ካሣዬ ቁልፉን ተቀበለ። «አደራሽ ከሰማይ ይከብዳል፤ ግቢው ግቢሽ ነው» አላት። ያን ጊዜ ከልቡ ነበር የተናገረው።

መንገዱ ሳይከፈት ሦስት ሳምንት ሄደ። ነጩ ሚኒባስ ግቢው መሀል ዝናብ እየወረደበት ቆመ። ካሣዬ የሰው መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ እግሩ ወደዚያው ነው፤ ምሳ ሲበላ ፊቱ ወደዚያው ነው። ደንበኞች ሲመጡ ምን ሆኖ ነው የቆመው ብለው ይጠይቁታል። አላውቅም ማለት ከብዶት፣ «የኩባንያ ጉዳይ ነው» ይላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መኪናው ሁሉ እንዲህ እንደሚሆን ሰምቷል። ሞተር የማያውቅ፣ ጭስ የሌለው መኪና ሲበዛ የሱ እጅ ምን ሊይዝ ነው? ይህን ለሚስቱም አልተናገረም።

አንድ እሑድ ጠዋት ዝናቡ አባራ። ሰው ሁሉ እየቤተ ክርስቲያኑ ሄዷል፤ የሐመድም ሱቅ ገና አልተከፈተም። ካሣዬ ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አነሣና ሚኒባሱን ከፈተ። የኋለኛውን ወንበር ብቻ ላንሣ አለ። አነሣ። እሽጉን ብቻ ልየው አለ። አየው፤ የአውራ ጣት ያህል ስፋት ያለው ቢጫ ወረቀት ነው። እንግዲህ ምን ልሥራ ብሎ ቁጭ አለ። ብልሽቱን ባገኘው፣ ለቢሊሴ «ይኸውልሽ፣ ይህ ነው» ባላት፣ እሷም ለኩባንያው ብትነግር ይጠቅማት የለ? ለራሱ እንዲህ አለ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ከመካኒክ ተገላገልኩ ያለችውን መኪና ሆዱን ገልጦ ሊያየው ፈልጎ ነው።

በምላጭ ቆረጠው። አሥራ ሁለቱን ብሎን ፈታ። ክዳኑን ሲያነሣ ብርቱካናማ ገመዶች፣ ግራጫ ሣጥኖች፣ እሱ የማያነበው ጽሕፈት ጠበቁት። ሃያ ሁለት ዓመት ጋራዥ የያዘ ሰው እንደ ባይተዋር ቁልቁል አፍጥጦ ቀረ። አንዱንም አልነካም፤ ኤሌክትሪኩን ይፈራዋል። ሁለት ነገር ብቻ ገባው። አንደኛ፣ ውስጡ ውሃ ነጠብጣብ አለ፣ የአንዱ ገመድ ጫፍም አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ሁለተኛ፣ ክዳኑ ዙሪያ የሚቀመጠው የላስቲክ ጋስኬት በአንድ ጥግ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተጨፍልቋል። ውሃው የገባው በዚያ ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ እንዲሁ ታጥፎ እንደመጣ ለማወቅ የኤሌክትሪክ ትምህርት አላስፈለገውም።

ከዚያ ያደረገውን ሳያስብ ነው ያደረገው። ዕድሜውን ሙሉ የተጣመመ ጋስኬት ሲያይ የሚያደርገውን አደረገ፤ በጣቱ አቃናው፤ በቦታው አስተካክሎ አስቀመጠው። ክዳኑን መለሰ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። እሽጉን ሊመልስ ሱፐር ግሉን ፈልጎ አመጣ። እስከዚያች ደቂቃ መካኒክ ነበር፤ ማጣበቂያውን ሲጨምቅ ሌላ ሰው ሆነ። ሁለቱን የተቆረጡ ጫፎች ገጣጠመ፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያዘ። ከደጅ ሲታይ ደህና ይመስላል። ወንበሩን መልሶ ወጣና እጁን ታጠበ፤ ደጋግሞ ታጠበ።

በሳምንቱ መንገዱ ተከፈተ። ቢሊሴ ወደ አዲስ አበባ ባዶውን የሚመለስ ትልቅ የጭነት መኪና አግኝታ ሚኒባሷን ጫነች። ካሣዬ በገመድ ሲያስሩ አብሮ አሰረ። ስለ ጠበቀላት መረቀችው። ልንገራት፣ አሁን ልንገራት እያለ ሲያመነታ ሹፌሩ ሞተር አስነሣ።

በአራተኛው ቀን ከሐመድ በረንዳ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሐመድና ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች አጠገቡ ነበሩ። ቢሊሴ ናት፤ ድምፅዋ ከወትሮው ከፍ ብሏል። ከኩባንያው መሐንዲስ ጋር እንደቆመች፣ ስልኩ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ እንደከፈተችው ነገረችው። እሽጉ ተቆርጦ ተጣብቋል፣ ከውስጥ ውሃ አለ፣ ከከፈታችሁት በኋላ ነው የገባው እያሉኝ ነው አለች።

«እኔ ማንም አልነካውም ብዬ ምዬላቸዋለሁ፣ ኦቦ ካሣዬ። በእግዚአብሔር ስም ምዬ አላውቅም፤ ዛሬ ማልኩ። አንተው ንገራቸው። ግቢህ ውስጥ ሳለ የከፈተው ሰው አለ?»

ካሣዬ የሐመድን ፊት አየ። የሌሎቹንም አየ። ሁሉም ሻያቸውን ይዘው እሱን ያዩታል።

«ማንም አልነካውም» አለ።

ስልኩ ውስጥ አንዲት ሌላ ሴት በለሰለሰ ድምፅ አመስግናው ተዘጋ። ሐመድ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ወላሂ፣ አንተ ተናገርክ፣ እኛ አልሰማንም» አለው። «ስምንት ዓመት አለች ወረቀቱ። ሁለት ዓመት አልሞላም፣ ኩባንያው ካደ።»

ቢሊሴ መኪናዋን በኩባንያው ግቢ ትታ በአውቶቡስ ተመለሰች። ስድሳ ቀን ሰጥተዋታል፤ ከዚያ በኋላ ታንሣ ብለዋታል። ወሬው ከእሷ ቀድሞ አሶሳ ገብቷል። አዲስ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሁሉ ካሣዬ ጋ እየመጣ፣ አንተ አስቀድሞ ገብቶሃል፣ ዋስትና እንዲህ ነው ለካ ይለዋል። ሻይ የሚጋብዙት በዙ። በዕድሩ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ሳይቀር ወረቀት መኪና አይጎትትም የሚለውን ቃሉን ጠቅሶ ሰውን አሳቀ። ካሣዬ በተሞገሰ ቁጥር ጆሮው ይግላል። አንገቱን ሲደፋ ትሕትና መሰላቸው። እጁ ላይ ያለ ሥራ እያመለጠው መጣ፤ አንድ ቀን የፍሬን ዘይት ሳይሞላ መኪና ሊያስወጣ ሲል ባለመኪናው አይቶ አስታወሰው። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ ባምባሲ መንገድ ዳር ላይ ባጃጅ የሚጠብቁትን ነፍሰ ጡሮች አያቸው። ፊቱን ወደ ሌላ አዞረና ነድቶ አለፈ። ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ወደ ባምባሲ መሄድ ተወ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቢሊሴ ጋራዡ መጣች። ክስት ብላለች። ካሣዬ ከአንድ ላንድክሩዘር ኮፈን ሥር ራሱን አወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰላም አላት። በርጩማ ሰጣት፤ አልተቀመጠችም።

«ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት» አለችው። «ያን ጊዜ መክረኸኝ ነበር፤ እኔ ወረቀት አምኜ አልሰማህም። ያ አባዱላ አልተሸጠ እንደሆነ ፈልግልኝ። ከእንግዲህ ዋስትናዬ የአንተ እጅ ነው።»

ካሣዬ እጁን አየ። ጥቁር ቅባት ጣቱን ሞልቶታል። ጨርቁን ጣለና የኮፈኑን ጠርዝ ተደገፈ። ቢሊሴ ያመመው መስሏት ጠጋ አለች።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሽጉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ባንቺ መሐላ ላይ ዋሽቼ የመሰከርኩትም እኔ ነኝ።»

ቢሊሴ አልጮኸችም። በርጩማው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እሱም ቆሞ ሁሉንም ነገራት፦ እሑዱን፣ ምላጩን፣ ውሃውን፣ ታጥፎ ያገኘውን ጋስኬት፣ ማጣበቂያውን። አንዱንም አላስቀረም። ሲጨርስ ምን ፈልገህ ከፈትከው ብላ ጠየቀችው። ላንቺ ብዬ ነው ሊላት ይችል ነበር፤ አላላትም። ከመካኒክ ተገላገልኩ ያልሽው ቃል ቆርጦኝ ነው አላት። ይህን ሲሰማው ራሱ እንዴት ትንሽ ነገር እንደሆነ ገረመው። ለዚህች ነው እንዴ አደራ የበላሁት? መሬት ተከፍቶ ቢውጠው ደስ ባለው።

«ልጆቼ ፊት ነበር የማልኩትን መሐላ ያወራሁት» አለች ቢሊሴ። «እናታችሁ ዋሽታ አታውቅም፣ ሰዎቹ ናቸው የዋሹት ብዬ።» ተነሣች። «እኔን ይቅርታ አትጠይቀኝ። እኔ የማልኩበት ቦታ ሄደህ ተናገር።»

በነጋታው በአንድ አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ እሷ ፊት፣ እሱ ከኋላ ተቀመጡ። ነቀምቴ አድረው በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ገቡ። መንገዱን ሙሉ የተነጋገሩት ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዴ ስለ ፍተሻው ሰልፍ፣ አንዴ ስለ ውሃ፣ አንዴ ስለ መውረጃው።

ስልኩ ውስጥ ድምፅዋ የለሰለሰው ሴት ሰብለወንጌል ትባላለች። ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ወደ ሠላሳ የሚጠጋት መሐንዲስ ናት። ቢሊሴን ስታይ ፊቷ ትንሽ ጠቆረ፤ ያለፈውን ክርክር ለመቀጠል የመጣች መስሏታል። ቢሊሴም ወደ ካሣዬ አመለከተችና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

ካሣዬ ይህን ንግግር መንገዱን ሙሉ ሲያዘጋጀው መጥቷል። እዚያ ሲደርስ ግን ሁሉም ጠፍቶበት፣ «በስልክ ማንም አልነካውም ያልኳችሁ ሰው ነኝ። ዋሽቻለሁ» ብቻ አለ።

ሰብለወንጌል አልተቆጣችም፤ ይህም ባሰበት። ተቆጥታ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ያየውንና ያደረገውን ሁሉ ካስነገረችው በኋላ፣ ክዳኑን ሲያነሣ የጋስኬቱ የትኛው ጥግ ታጥፎ እንደነበር ጠየቀችው። ወደ ሚኒባሱ ወስደውት፣ ክዳኑን ሲያነሡለት ጥጉን አሳያት። ጎንበስ ብላ ላስቲኩን በጣቷ ዳሰሰች፤ መብራት አብርታ ዳግም ዳሰሰች። እጥፋቱ ያረፈበት ቦታ ላይ እንደ ጠባሳ የቀረ መስመር አለ።

«ላስቲክ አንድ ቀን ታጥፎ ይህን አይይዝም። ይህ ብዙ ጊዜ ታጥፎ የኖረ ነው» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ፣ እንዳለ ትተውት ቢሆን ፎቶ አንሥቼው በሳምንት ያልቅ ነበር። የፋብሪካ ስሕተት ነው። እኔ ያገኘሁት ግን ደህና የተቀመጠ ጋስኬት፣ ከውስጥ ውሃ፣ ከላይ የተቆረጠ እሽግ ነው። ሌላ ምን ልጻፍ?»

ቢሊሴ ዞር ብላ የግቢውን አጥር ታይ ነበር። እሷ ሁለት ዓመት ገደማ የጠበቀችው ደብተር፣ መንገድ ለመንገድ እያደረች ያስመታችው ማኅተም፣ ሁሉም የሚያዋጣ ነበር። ያበላሸው የካሣዬ ጣት ነው፤ ያውም ሊያስተካክል ሲል።

ሰብለወንጌል ያደረገውን ሁሉ በጽሑፍ እንዲሰጥ ጠየቀችው። መኪናውን ለሠራው አምራች ከላስቲኩ ፎቶ ጋር እልከዋለሁ፣ ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም አለች። ካሣዬ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ። ከታች ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ የሚል ነበር። ስሙን ጻፈ፣ አሶሳ ብሎ ጻፈ። ሥራ የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ቢሊሴ ከትከሻው በላይ ታየዋለች። መካኒክ ብሎ ጻፈና ፈረመ።

እንደተመለሰ ሳይነግር መዋል አልሆነለትም። ከሐመድ በረንዳ ላይ፣ ያን ቀን ስልኩን የሰሙት ሰዎች ተሰብስበው ሳሉ፣ ቆሞ ተናገረ። ኩባንያው አልካደም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ዋስትና ከንቱ ነው እያላችሁ በኔ ስም የምታወሩትን ተዉት አላቸው። አንዱ ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው ሞከረ፤ ማንም አልሳቀለትም። ሐመድ የሻይ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ያን ቀን እኔ አጠገብህ ነበር» አለው። «አንተ ማንም አልነካውም አልክ። እኔ ለሰው ሁሉ ነገርኩ። መስጊድ ነገርኩ፣ ገበያ ነገርኩ። እኔም ውሸታም ሆንኩ እኮ፣ ካሣዬ።»

ካሣዬ ይህን አላሰበውም ነበር። ቢሊሴን ብቻ የበደለ ይመስለው ነበር፤ ለካ ውሸቱ በሐመድ አፍ ገበያ ወጥቷል። ሐመድ ከዚያ በኋላ ሰላምታ አልነፈገውም፤ ግን ለብዙ ጊዜ ሻይ አብሮት ለመጠጣት አልተቀመጠም። «ካሣዬ ጋ ያልዳነ መኪና ይቀበር» የሚለውም ቀረ። ደንበኞቹ ግማሹ ቀረ፣ ግማሹ መጣ። የሚመጡትም መኪናቸውን ትተውለት መሄድ ትተው፣ ሠርቶ እስኪጨርስ አጠገቡ ይቆሙ ጀመር።

መልሱ ከሁለት ወር በኋላ ከአምራቹ መጣ። ስድሳው ቀን አልፎ ነበር፤ ሰብለወንጌል ስለ መኪናው ለምና አስቆይታዋለች። አምራቹ የፋብሪካውን ስሕተት ተቀበለ፤ የተበላሸውን ክፍል በነፃ ቀየረ። ነገር ግን እሽጉ ያለፈቃድ ስለ ተከፈተ፣ የባትሪው ዋስትና ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቋርጧል የሚል ወረቀት አብሮ ሰጣት። የሞተሩ ተረፈላት፤ ከሁሉም የሚከብደው የባትሪው ሄደ። ስድስት ዓመት ገደማ ይቀረው ነበር። ካሣዬ ያንን ስድስት ዓመት በምን እንደሚክስ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። እጁ የማያውቀውን ነገር በእጁ ሊተካ አይችልም። እክስሻለሁ ሊላት ባምባሲ ድረስ ሄዶ ነበር፤ ቢሊሴም ሰምታው፣ የምትችለው ነገር አይደለም፣ ተወው ብላ ሸኘችው። ቡና እንኳ ጠጣ አላለችውም። ለልጆቿ ግን እውነቱን እንድትነግርለት ሳይጠይቃት፣ ነግሬያቸዋለሁ አለችው በሩ ላይ።

ነጩ ሚኒባስ እንደገና በጋራዡ ፊት ማለፍ ጀመረ። ማክሰኞም ከባምባሲ የሚመጡት ሴቶች ከሆስፒታሉ በር ላይ ሲወርዱ ታዩ። ቢሊሴ ካሣዬን በር ላይ ካየችው ከመሪው ላይ እጇን ትንሽ ከፍ አድርጋ ሰላም ትለዋለች፤ አትቆምም።

እንዲህ ሆኖ በጋው ጋመሰ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሚኒባሱ ቀስ ብሎ ወደ ግቢው ታጠፈ። ቢሊሴ ወረደችና የኋላ ፍሬኑ እየጮኸባት እንደሆነ፣ ፍሬን ደግሞ ደብተሩ ማንም መካኒክ እንዲሠራው እንደሚፈቅድ ነገረችው። ደብተሩን ይዛዋለች፤ ገጹን ገልጣ አሳየችው። ካሣዬ ሳያነብ አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ተመልሶ አነበበው፤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው።

ክሪኩን አስገባና ጎማውን አነሣ። ቢሊሴ የመኪናውን ቁልፍ በእጇ ይዛ አጠገቡ ቆመች። በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠላት፤ አልተቀመጠችበትም።

«አሁን ምንድን ነው የምትፈታው?» አለችው።

ካሣዬ ፊቱ ጋለ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

«የጎማውን ብሎን ነው» አላት። «አምስት ነው። መጀመሪያ ሁሉንም አላላዋለሁ፤ ከዚያ አንድ ባንድ አወጣለሁ።»

«እሺ» አለች።

እሱም ማላላት ጀመረ፤ እያንዳንዱን ሲያወጣ ምን እንዳወጣ እየነገራት።